ምንጭና ቦንቧ፦ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃና የደን ግንዛቤ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



ንግግሬን የምጀምረው በሥራ ላይ ሳይውል ከቀረ አንድ አዋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913፣ ዐፄ ምኒልክ በጸና ሕመም ተይዘው በነበሩበት በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ፣ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል የሚያዝ አዋጅ ወጣ። በምትኩ ቅጠሉ ለሐር ትል መኖ የሚሆነው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ተፈለገ። የቀረበው ምክንያት ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጣል፤ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል የሚል ነበር። ሕዝቡ ግን ዛፉን አልነቀለም። ማገዶውም፣ የቤቱ ማገርና ወጋግራም፣ የዓመት ገቢውም ያ ዛፍ ስለ ነበረ አዋጁ በወረቀት ላይ ቀረ።

ሕግ አጥኚ ይህን አዋጅ የከሸፈ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ለታሪክ አጥኚ ግን ያልተፈጸመ አዋጅም ማስረጃ ነው፤ የሚመሰክረውም ስለ ተደረገው ሳይሆን ስለ ታየው ነገር ነው። እስከ አዋጅ የደረሰ ቅሬታ አስቀድሞ በብዙ ሰው አፍ የተመላለሰ መሆን አለበት። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊት በዚህች ከተማ ዛፍና ውሃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚነሡ ጉዳዮች ነበሩ ማለት ነው። ያውም ክርክሩ «ዛፍ ይተከል ወይስ አይተከል» የሚል ሳይሆን «የትኛው ዛፍ ለየትኛው ውሃ» የሚል ነበር። ዛሬ ይህን ጥያቄ በሕዝብ መድረክ ላይ የሚያነሣ ሰው ብዙ አላይም።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አንድ ከተማ የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው እንዴት ነው? የሚረሳውስ መቼ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ደን የንጹሕ ውሃ ምንጭ መሆኑን በመርሳት ስንወቅሳቸው የኖርነው ገበሬውን፣ ከብት ጠባቂውንና እንጨት ለቃሚዋን ነው። የታሪኩ ማስረጃ ግን የረሳው ሌላ ወገን መሆኑን ያሳያል። የረሳነው ከቦንቧ የምንጠጣው እኛ ነን።

ውሃ በእግር በሚታወቅበት ዘመን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ አስቀድሞ የዐፄ ምኒልክ ከተማ እንጦጦ ላይ ነበር። ተራራው ለጥበቃ የተመቸ ቢሆንም ብርዱ የበረታ፣ ማገዶው በቶሎ የሚመናመን፣ ውሃውም በብዙ ድካም የሚቀዳ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው፣ መኳንንቱም በየአቅጣጫው ሰፈር ይዘው ከተማዋ ስትመሠረት፣ ነዋሪው የወረደው ወደ ሞቃት አየር ብቻ አልነበረም፤ ወደ ውሃ ጭምር ነበር። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ቁርጡሜ ከእንጦጦ ግርጌና ጥጋጥግ እየተነሡ ሰፈሩን ከሰፈር ይለያሉ፤ የሚጠጣውም፣ የሚታጠበውም፣ ከብቱም ከእነርሱና በዳርቻቸው ካሉ ምንጮች ነበር።

ውሃውን የሚቀዱት በአብዛኛው ሴቶች፣ ልጃገረዶችና የቤት አገልጋዮች ነበሩ። በእንስራ ውሃ የሚቀዳ ሰው በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ዕውቀት አለው። የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደማይነጥፍ፣ የትኛው ወንዝ በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ቀልቶ እንደሚወርድ፣ የትኛው ውሃ ለጠላ፣ የትኛውስ ለልብስ ብቻ እንደሚሆን ያውቃል። ከላይ ያለው ቁጥቋጦ ሲመነጠር ከታች ያለው ውሃ እንደሚደፈርስም ማንም ሳያስተምረው ያያል፤ ውሃውን ለማግኘት በየቀኑ ወደ መነሻው መሄድ አለበትና። ይህን ዕውቀት ውሃን በእግር ማወቅ እለዋለሁ።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት ዕውቀት ነበረ፤ እርሱም ጸበል ነው። በእንጦጦ ማርያምና በኪዳነ ምሕረት ዛሬም ምእመናን ውሃ ለመጠመቅና ለመጠጣት ወደ ዳገቱ ይወጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ ምንጩም አይረክስም። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ማሳ ለማሳ በተያያዘበት ምድር ላይ የሚታዩት ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው በዚያ የተረፈው የደን ጠባቂ ደመወዝ ተከፍሎት ሳይሆን ነውርና ፈሪሃ እግዚአብሔር ስለ ጠበቁት ነው።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ከልክ በላይ አናሞግስ። ጸበሉን ያከበረው ያው ሰው ተራራውን ለማገዶ መንጥሯል። ክብሩ ቅጥሩን ጠበቀ እንጂ ተፋሰሱን አልጠበቀም። የእንጦጦ ነባር ደን የጠፋው ውሃና ዛፍ መገናኘታቸውን የሚያውቅ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ከተማዋ የምትፈጀው ማገዶ ከዕውቀቱ በላይ ስለ ሆነ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ዕውቀት ብቻውን ደን አያድንም።

ከተማዋን ያዳነው ዛፍና ያስነሣው ቅሬታ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የማገዶ እጥረቱ እጅግ በመበርታቱ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ገደማ ወደ ሀገራችን የገባው ይህ የአውስትራልያ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም። ቤተ መንግሥቱ ችግኝ በማከፋፈልና ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነጻ በማድረግ አበረታታው። አዲስ አበባ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ገባች።

ስለዚህ በመግቢያዬ ያነሣሁት የ1913ቱ አዋጅ ሲወጣ ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ተገናኙ። ባሕር ዛፍ ከተማዋን አድኗል፤ ባሕር ዛፍ በውሃ ላይ ቅሬታ አስነሥቷል። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ከዚህ በላይ ግን ትኩረት የሚሻው በዛፉ ሥር የሚሆነው ነገር ነው። የአዲስ አበባ ቤቶች እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩት በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ወደ ምጣዱ የሚሄደው ቅጠል ከዛፉ ሥር ተጠርጎ የሚመጣ ነው። ቅጠሉ የተጠረገበት መሬት ራቁቱን ይቀራል። ከላይ ዛፍ ቢኖርም ከታች ዝናቡን የሚቀበል ምንጣፍ የለም። ከሩቅ ለሚያይ ደን የሚመስለው ለውሃው ግን የእንጨት ማሳ ነው። በደንና በእንጨት ማሳ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ንግግር አንኳር ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ቦንቧው ያመጣውና የወሰደው

ከተማዋ ገና ልጅ ሳለች ሌላ ለውጥ ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ጥግ ውሃ በቧንቧ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። ውሃ ሰው ሳይሸከመው ኮረብታ መውጣቱ በጊዜው ታላቅ መደነቅን ፈጥሮ ነበር። የተደነቁት ሰዎች ግን ውሃው ከየትኛው ተራራ እንደተነሣ ያውቁ ነበር። ግራ የገባቸው መንገዱ እንጂ መነሻው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በስተ ምዕራብ የገፈርሳ ግድብ የከተማዋ ዋና የውሃ ምንጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 በስተ ምሥራቅ የለገዳዲ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የድሬ ግድብ ታከለ፤ ከዚያም በስተ ደቡብ የአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ተከተሉ። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር መነሻው ከነዋሪው ዐይን ራቀ።

በዚህ ጉዞ መካከል ቦኖ የሚባል ተቋም ነበረ፤ ተቋም ማለቴ ሆን ብዬ ነው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቦኖ ውሃ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ይሰለፋል፤ ውሃው ሲቀጥንና ሲደፈርስ አብሮ ያያል፤ ለምን እንደ ሆነም አብሮ ይጠይቃል። ምንጩ ባይታይም ውሃ ገና የጋራ ጉዳይ ነበር። ቦንቧው ወደየቤቱ ሲገባ ሸክሙ ቀለለ፤ የብዙ እናቶችና ልጃገረዶች ወገብ ዐረፈ። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ወደ እንስራው እንመለስ የሚል ከእኔ ወገን አይደለም። ሆኖም ከሸክሙ ጋር አብሮ የወረደ ነገር አለ። ወደ መነሻው የሚያደርሰው መንገድ ጠፋ።

ቋንቋችን ይህን መዝግቦታል። አዲስ አበቤ ውሃ ሲቋረጥ «ውሃ ሄደች»፣ ሲለቀቅ «ውሃ መጣች» ይላል። ወዴት ሄደች፣ ከየትስ መጣች ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የዘመኑ የውሃ መዝገበ ቃላታችን ፈረቃ፣ ጀሪካን፣ ሮቶ፣ ቆጣሪ ነው፤ ሁሉም ስለ መጠበቅ፣ ስለ ማጠራቀምና ስለ መክፈል ይናገራሉ እንጂ ስለ መነሻ አይናገሩም። የአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም «ሃይላንድ» የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ትርጉሙ ደጋ ማለት ነው። የደጋው ስም በእጃችን ላይ አለ፤ ጠርሙሱን ስንጨብጥ ግን ደጋው ትዝ አይለንም። በየጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተራራና አረንጓዴ ዛፍ ተሥሎበታል። ሻጩ ገዢው በልቡ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ንጹሕ ውሃና ደን በሰው ሐሳብ ውስጥ ገና አልተለያዩም። የተለያዩት በከተማው አሠራር ውስጥ ነው።

ደን ለውሃ ምን ያደርጋል?

የታሪክ ሰው ብሆንም የሳይንሱን መሠረት ሳልነካ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም በሕዝብ መድረክ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። «ደን ውሃ ያመነጫል» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1982 ቦሽና ሂውሌት የተባሉ ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ 94 የተፋሰስ ሙከራዎችን ገምግመው በአንድ ተፋሰስ ላይ ያለ የዛፍ ሽፋን ሲቀነስ በዓመት የሚወርደው ውሃ መጠን በአብዛኛው እንደሚጨምር አሳይተዋል። ዛፍም ይጠማል፤ ከመሬት የጠጣውን ወደ ሰማይ ይተነፍሳል። እንግዲህ ባሕር ዛፍን የከሰሱት የ1913 ሰዎች አልተሳሳቱም።

ታዲያ ደን ለመጠጥ ውሃ የሚሰጠው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው፤ ንጽሕናና እርጋታ። ክረምት ሲገባ ዶፉ በቀጥታ አፈሩን እንዳይደበድብ ቅርንጫፉና ቁጥቋጦው ይቀበለዋል። የረገፈው ቅጠል እንደ ሰፍነግ ይመጠዋል። ሥሩና በውስጡ የሚኖሩት ነፍሳት የከፈቱት አፈር ወደ ታች ያሰርገዋል። ያ ውሃ እየተጣራ ቀስ ብሎ ይጓዝና በበጋ በምንጭ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲጠፋ በዓመት የሚወርደው ውሃ ቢበዛም የሚወርደው በሁለት ወር ጎርፍ ነው፤ አፈሩንም ይዞት ይሄዳል።

የዚህን ዋጋ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የለገዳዲ ግድብ ውሃ ድፍርስነት የከተማዋ መሐንዲሶች የዘወትር ፈተና ነው። ተፋሰሱ በአብዛኛው የሚታረስ ጥቁር አፈር ነው፤ ከዚያ የሚታጠበው ደቂቅ ሸክላ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቀራል፤ በራሱ በቀላሉ አይዘቅጥም። ስለዚህ የአሉሚኒየም ጨውና ሌሎች ኬሚካሎች እየተጨመሩ ድፍርሱ እንዲረጋ፣ ከዚያም እንዲጣራና በክሎሪን እንዲታከም ይደረጋል። በገፈርሳም ከዋናው ግድብ በላይ ደለሉን አስቀድሞ የሚያስቀር ሌላ ግድብ መሥራት አስፈልጓል። ግድብን ከአፈር የሚጠብቅ ግድብ! የደን አንዱ ሥራ ይህ ነበር። ዛሬ ያን ሥራ በሲሚንቶና በኬሚካል፣ በውጭ ምንዛሪ እየገዛን እንሠራዋለን። ወጪው በውሃ ቢላችን ውስጥ አለ፤ ግን በስሙ ተጽፎ አናየውም።

ስለ ቁጥሮቻችን

ወደ ታሪካችን ስንመለስ አንድ ሌላ ግማሽ እውነት ያጋጥመናል። ሁላችንም በትምህርት ቤት «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የኢትዮጵያ መሬት በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ብቻ ቀርቷል» የሚለውን ተምረናል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህን ትረካ ወደ ኋላ እየተከተለ መርምሮ፣ ቁጥሩ በአስተማማኝ ማስረጃ ላይ ሳይቆም ከሰነድ ወደ ሰነድ ሲገለበጥ የኖረ መሆኑን አሳይቷል። ደን አልጠፋም ማለቱ አልነበረም፤ ሰሜኑ ደጋ የታረሰው ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ እንደ ሆነና ታሪኩ በየአካባቢው እንደሚለያይ ነው ያስረዳው።

ይህ ለምን ከርእሳችን ጋር ይያያዛል? ሕዝብን ለማንቃት ተብሎ የተነገረ ቁጥር ውሎ አድሮ ጥያቄውን ስለሚለውጥ ነው። ችግሩ «ሽፋን በመቶኛ» ከሆነ መፍትሔውም «ችግኝ በቁጥር» ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ያን ቀን የወጣውን ሕዝብ መንፈስ ማናናቅ አልፈልግም፤ ከሕፃን እስከ አዛውንት ለዛፍ ሲል አካፋ ይዞ የወጣ ሕዝብ ታላቅ ሀብት ነው። የውሃ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የተተከለው የት ነው? ከየትኛው ምንጭ በላይ? ሀገር በቀል ነው ወይስ ፈጥኖ የሚቆረጥ? ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንዲያድግ ተትቷል ወይ? ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይጠብቀዋል? የ1913ቱ አዋጅ፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ጠይቆ ነበር።

ሁለት ከተሞች

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ105 ታላላቅ ከተሞች 33ቱ ከመጠጥ ውሃቸው ጉልህ ድርሻ የሚያገኙት ከተጠበቁ ደኖች እንደ ሆነ ገልጾ ነበር። ከነዚህ ከተሞች የሁለቱ ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው።

የመጀመሪያው ሪዮ ዴ ዣኔሮ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከከተማዋ በላይ ያሉት የቲጁካ ተራሮች ለቡና እርሻ ተመነጠሩ። መገኛው ሀገራችን የሆነውና በደን ጥላ ሥር የሚበቅለው ያ ተክል፣ በዚያ ደን ማጥፊያ ሆነ። ምንጮቹ መንጠፍ ሲጀምሩና ከተማዋ በውሃ ጥም ስትጨነቅ መንግሥት የእርሻ ቦታዎቹን እየወሰደ፣ ከ1861 ጀምሮ ተራራውን መልሶ በደን ማልበስ ያዘ። ዛፎቹን በእጃቸው የተከሉት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቀው ደን የእነርሱ ላብ ነው። እዚህ ላይ ታሪክ ሁለት ነገር ይነግረናል፤ የጠፋ ደን ሊመለስ ይችላል፤ የመመለሱን ሸክም ማን እንደሚሸከም ግን ሁልጊዜ መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው ኒው ዮርክ ነው። ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ የሚቀርበው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከሩቅ፣ ከካትስኪልና ከዴላዌር ተፋሰሶች ይመጣል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ የፌዴራል ደንብ ውሃው በማጣሪያ ጣቢያ እንዲያልፍ ሊያስገድድ ሆነ። የጣቢያው ግንባታ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ተገመተ። ከተማዋ ሌላ መንገድ መረጠች፤ ተፋሰሱን መጠበቅ። የላይኛው አገር ገበሬዎች ግን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መንደሮቻቸው ለግድብ ሲባል በውሃ መዋጣቸውን አልረሱም ነበርና በቀላሉ አልተቀበሉም። ከብዙ ዓመት ድርድር በኋላ በ1997 ስምምነት ተፈረመ። ከተማዋ መሬት የምትገዛው ለመሸጥ ፈቃደኛ ከሆነ ሰው ብቻ ሆነ፤ ለገበሬዎች የአፈርና የፍግ አያያዝ፣ ለመንደሮች የፍሳሽ ማስወገጃ ወጪ የምትሸፍነውም እርሷ ሆነች። በዚያ ስምምነት ውስጥ ዋናው ነገር የዶላሩ መጠን አይደለም። ከታች የሚጠጣው ወገን ከላይ ለሚኖረው ወገን ባለዕዳ መሆኑን በፊርማው ማመኑ ነው።

ግንዛቤ የሚጨበጠው ለማን ነው?

አሁን ወደ መነሻዬ ልመለስ። በእኛ ሀገር «ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚባል ሥራ አለ። በየዓመቱ ባለሙያ በመኪና ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ገበሬውን ሰብስቦ ደን ጠቃሚ መሆኑን ያስተምራል፤ አበል ፈርሞ ይመለሳል። የእንጦጦን እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶችም «ግንዛቤ የሌላቸው» እያልን በጥናቶቻችን ጽፈናል። እነዚያ እናቶች ግን የትኛው ሸለቆ ውሃ እንደያዘ፣ የትኛው ጥግ እንደተራቆተ ከማናችንም ይልቅ ያውቃሉ። የጎደላቸው ዕውቀት ሳይሆን ሌላ መተዳደሪያ ነው። የለገዳዲና የገፈርሳ ተፋሰሶች ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ገበሬዎች ማሳና ግጦሽ ላይ ያሉ ናቸው። ዳገቱን ሳያርስ ቢተው የሚጎዳው እርሱ፣ የሚጠቀመው ከተሜው ነው። ይህን ሒሳብ ሳንተሳሰብ የምናስጨብጠው ግንዛቤ ምክር ነው፤ ምክር ደግሞ ጎተራ አይሞላም።

ተፋሰስን መርሳት የሚያስከፍለውን ዋጋ ደግሞ በሀገራችን አንድ ከተማ አይታዋለች። ሐረር ለዓመታት ውሃዋን የምታገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። በዙሪያው ያሉ ኮረብቶች ተራቆቱ፤ ደለል ወደ ሐይቁ ገባ፤ ለከተማውም ለጫትና ለአትክልት መስኖውም ያለ ልክ ተቀዳ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ፤ የሐረር ሕዝብ ከድሬዳዋ አካባቢ በረጅም መስመር የሚመጣ ውሃ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ኋላ በተፋሰሱ በተሠራው ሥራና በጥሩ ዝናብ ውሃው ወደ ሐይቁ መመለሱ ተስፋ ነው። ግን የአንድ ትውልድ ልጆች ሐይቅ ሲባል የሰሙትን የከብት መሰማሪያ ሆኖ አይተውታል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በአንድ ከተማ ላይ እንዲህ ይፈጸማል።

ስለዚህ የመደምደሚያዬ ሐሳብ ይህ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ስለ ደንና ውሃ የሚኖረው ግንዛቤ በመፈክር አይመለስም፤ የጠፋው በመፈክር እጦት አይደለምና። የጠፋው በመጠጫውና በመነሻው መካከል የነበረው መንገድ ሲቆረጥ ነው። መንገዱን በእግር መመለስ አንችልም፤ በሥርዓት ግን መመለስ እንችላለን። የውሃ ቢላችን ከየትኛው ተፋሰስ እንደምንጠጣ ይንገረን። ከምንከፍለው ላይ ጥቂቱ ወደ ተፋሰሱ ጥበቃ ይመለስ፤ መመለሱም ይታይ። ልጆቻችን ገፈርሳንና ለገዳዲን የትምህርት ጉብኝት ቦታ ያድርጓቸው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ለመዝናናት የሚወጣው ከተሜ ከእግሩ ሥር የሚነሡትን ወንዞች ስም አውቆ ይውረድ።

ለእናንተ ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ የጠበበ ሥራ አለኝ። በዚህች ከተማ በእንስራ ውሃ የቀዱ እናቶችና በቦኖ የተሰለፉ አባቶች ገና በሕይወት አሉ፤ በየዓመቱ ግን እየቀነሱ ነው። ሂዱና ጠይቋቸው። በሰፈራችሁ የነበረው ምንጭ ማን ይባል ነበር? ከበላዩ ምን ዛፍ ነበረ? መቼ ነጠፈ? ዛሬ በላዩ ላይ ምን ተሠርቷል? የእነዚህ ምንጮች ስም በየትኛውም ካርታ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተጻፈም፤ የተጻፈው በእነዚህ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው። ስሙን የማናውቀውን ምንጭ ልንጠብቀው ቀርቶ መጥፋቱንም አናውቅም።